እግር ያጠበችውን ልጄን ለመለሱልኝ የቅበላ ኮሚቴ አባላት

በወንበራችሁ ለጸናችሁ፣ ቃለ ጉባኤያችሁ ለማይሻር፣ ለሕክምና ትምህርት ቤቱ የተመራቂዎች ቅበላ ኮሚቴ ሰብሳቢና አባላት በሙሉ፤

የክረምቱ ጎርፍና የመስከረሙ ጉንፋን እናንተን ሳይነካ እንዳለፈ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያለን ሰዎች፣ ምስጋና ለፈጣሪ፣ ደኅና ነን፤ በቆሎውም ደርሷል፣ መንገዱም ደርቋል፤ የእኔ ቁጣ ብቻ ነው እንደ ረጠበ ያለው። ሰሞኑን በጥልቅ ተሃድሶው ስብሰባ ላይ «ቅሬታ ያለው ሳይፈራ ይናገር» ስለ ተባልን፣ እኔም ታዛዥ ዜጋ ስለ ሆንኩ፣ ይኸው ሳልፈራ እጽፋለሁ።

ማን እንደሚጽፍላችሁ እንዳትቸገሩ ላስታውሳችሁ። መሪጌታ ተስፋው እባላለሁ፤ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብላ ባለች ደብር ቅኔ አስተምራለሁ። የዛሬ አራት ዓመት ነጭ ጥምጥሙን እንዳሰረ በኮሪደራችሁ ቆሞ የሰነበተው ሽማግሌ እኔ ነበርኩ። ያምሮት ተስፋው የምትባለው ልጄ ደግሞ በጽሑፍ ፈተናችሁ ሁለተኛ የወጣችው፣ በቃለ መጠይቃችሁም የሳቃችሁባት ናት።

ከሁሉ አስቀድሜ የምንስማማበትን ልናገር። ልጄ ሰነፍ ነበረች። ከመሰናዶ ስትወጣ ሕክምና መረጠች፤ ምደባው ባዮሎጂ አላት፤ አኮረፈች። ምደባን አኩርፎ የተጠቀመ ሰው እንደሌለ ብነግራትም ዓመቱን ሙሉ አኮረፈች፣ ከመማሪያ ክፍል ይልቅ አልጋዋን አዘወተረች፣ በኬሚስትሪ ዲ፣ በሒሳብ ኤፍ አምጥታ በማስጠንቀቂያ ተረፈች። ይህን ከእናንተ በፊት እኔ ነግሬያታለሁ፣ ከእናንተም በከፋ ቃል። በኋላ ግን ነቃች፤ በመጨረሻው ዓመት ከኤና ከቢ በቀር አላመጣችም። ድምር ነጥብ የሚሉት ነገር የክረምት ጭቃ ነውና፣ እግር ደረቅ መሬት ከረገጠ በኋላም ተጣብቆ ይከተላል፤ በሁለት ነጥብ ሦስት ተመረቀች።

መምህርት ሆና ሽንዲ ተመደበች። እዚያ ማሚቱ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ቀዩ አፈር እግሯን አሳብጦት፣ ሰው ዝሆኔ እያለ የሚሸሸው ሕመም ይዟት፣ ሽታው ያስቸግራል ተብላ ከኋላ ለብቻዋ የምትቀመጥ። አንድ ሰኞ ማሚቱ ቀረች፤ በሚቀጥለውም ሳምንት አልመጣችም። ልጄ ከቤቷ ድረስ ሄደች። እናቲቱ ወይዘሮ አቻምየለሽ በር ላይ ቆመው፣ «መምህርት፣ ይችን ልጅ ይተዉአት፤ የዘር ነው፤ አክስቷም እንዲሁ ተቀምጣ ነው የቀረችው» አሏት። ያምሮትም «የዘር አይደለም እማማ፣ የአፈር ነው፤ ውኃና ሳሙና ይስጡኝ» አለች። ከጤና ጣቢያው ጠይቃ እንደ ተረዳችው እግሯን አጠበችላት፣ ቅባት ቀባቻት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችላት፤ ዐርብ ዐርብ ተመላለሰች። ቡሬ ወርዳም ላበጠው እግር በልኩ ጫማ አሰፋችላት። ክረምቱ ሳይገባ ማሚቱ ከፊተኛው ወንበር ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው ልጄ ለበዓል መጥታ፣ «አባየ፣ ሕክምናን ለምን እንደምፈልገው የገባኝ ገና አሁን ነው» ያለችኝ። መንግሥትም በዚያው ሰሞን ዲግሪ ያላቸው ሐኪም እንዲሆኑ በር ከፈተ፤ በሩን እንድትጠብቁ የቆማችሁት እናንተ ነበራችሁ።

እንግዲህ ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ፤ እናንተ በቁጥር ካልሆነ አይገባችሁም።

አንደኛ፦ ሰብሳቢያችሁ የመጀመሪያ ዓመት ውጤቷን ከፍ አድርገው ይዘው፣ «በኬሚስትሪ ዲ ያመጣ ሰው ያዘዘውን መድኃኒት ማን ሊውጠው ነው?» አሉ። ልጄ «ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ የኋለኛውን ገጽ ይመልከቱልኝ» አለች። ገጹ አልተገለጠም። ሕክምና ለምን እንደ ፈለገች ስትጠየቅ የማሚቱን ነገር ተናገረች። እርሳቸውም፣ «ይህማ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ነው፤ አንቺ የመጣሽው ሕክምና ልትማሪ ነው ወይስ እግር ልታጥቢ?» አሉ። እናንተም ሳቃችሁ። በእኛ ቤት በጸሎተ ሐሙስ ጳጳሱ ሳይቀሩ ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ይህን መጀመሪያ ያደረገው ማን እንደ ሆነ ለእናንተ ለሊቃውንቱ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል፤ ብቻ እርሱም ለቃለ መጠይቃችሁ ቢቀርብ ኖሮ ወደ ጤና ኤክስቴንሽን እንደምትመሩት አልጠራጠርም።

ሁለተኛ፦ ማስታወቂያችሁ ዲግሪ፣ የሁለት ዓመት አገልግሎት፣ የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ብቻ ይል ነበር። ፈተናው ታርሞ፣ ልጄ ሁለተኛ ወጥታ፣ ስሟ ተለጥፎ፣ ቃለ መጠይቁም ካለፈ በኋላ «ድምር ነጥባቸው ከሁለት ነጥብ አምስት በታች የሆኑ አይስተናገዱም» የሚል ሌላ ወረቀት ከጎኑ ተለጠፈ። እኔ ስማችሁን ሳነብ ቅበላ ማለት ጾም ሊገባ ሲል የሚበላበት ቀን መስሎኝ ነበር። ለካ አልተሳሳትኩም፤ ቅበላው የእናንተ ሆነ፣ ጾሙ የልጄ።

ሦስተኛ፦ ስመኘው የሚባል፣ ከያምሮት ጋር አብሮ የተመረቀ ልጅ ተቀብላችኋል። ሊሰናበተን ሲመጣ ባለቤቴ ሀብትነሽ እንኳን ደስ ያለህ ብላ ልትስመው ተነሣች፤ እርሱ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ «እማማ፣ እኔ ከያምሮት ያነሰ ነው ያመጣሁት፤ በነጥብም፣ በፈተናም። የወረዳ አመራር ነበርኩ፣ እሱ ታየልኝ» አለ። ልጁን አልወቅሰውም፤ ከእናንተ መካከል እርሱ ያፈረውን ያህል ያፈረ አንድ ሰው ቢኖር ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ።

አራተኛውን እኔ ራሴ አየሁት። ልጄ «አባየ፣ ይቅር፤ እነዚህን ሰዎች አይለምኑ» ብትለኝ እንቢ ብዬ መጣሁ። ጸሐፊዋ ነገ አለችኝ፤ ነገም ሌላ ነገ ነበረው። በመጨረሻ ሰብሳቢያችሁን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸውና ጎንበስ ብዬ ጉዳዬን ብጀምር፣ «አባታችን፣ ይህ የቅኔ ቤት አይደለም፤ እዚህ በነጥብ ነው የሚሠራው» ብለውኝ አለፉ። እውነታቸውን ነው፤ የቅኔ ቤት አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪ የመጀመሪያ ቅኔው ሲሰበርበት ይታረምለታል፣ ነገ ደግሞ ሌላ ቅኔ ቆጥሮ ይመጣል፤ መምህር በሆነ ጊዜ ጀማሪ ሳለ የሰበራትን ጉባኤ ቃና አውጥቶ የሚያነብበት ሰው ካለ፣ ያ ሰው ባለጌ ይባላል እንጂ ሰብሳቢ አይባልም።

የሆነው እንዲህ ነው። ያምሮት ከቤት ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እናቷ ምግብ ስታቀርብ «ኋላ» ትላለች፤ ኋላም አትበላም። አንድ ቀን ጠዋት ተነሥታ ፊቷን ታጠበችና ማስተማሩን ትታ፣ ገና ከዐሥረኛ ክፍል ከመጡ ልጆች ጋር ነርስነት በዲፕሎማ ልትማር ተመዘገበች። «ዲግሪ ይዘሽ ወደ ዲፕሎማ? ሰው ምን ይላል!» ብዬ ጮኽሁባት። «አባየ፣ እግሩ የቆሰለ ሰው ዲግሪዬን አይጠይቀኝም» አለችኝ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ይቅር ስላልኳችሁ አይደለም፤ እጃችሁ ረጅም ስለ ሆነ፣ የነርስነት ወረቀቷን እስክትይዝ ስለ ጠበቅሁ ነው። አሁን ይዛለች፤ ፈረስ ቤት ጤና ጣቢያ ተመድባለች።

ስለዚህ ምስጋናዬን ተቀበሉ። ሐኪም ልትሆን የምትችለውን ሴት ሐኪም እንዳትሆን አድርጋችኋል፤ ይህን ያለ እናንተ ማንም ሊያደርገው አይችልም ነበር። ባለፈው ልጠይቃት ወደ ፈረስ ቤት ወጣሁ። ገበያተኛው ነጭ ካፖርቷን እያየ «ዶክተር፣ ዶክተር» ይላታል። እርሷ «ነርስ ነኝ» እያለች አንድ በአንድ ታርማቸዋለች፤ አይሰለቻትም። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስሕተት ሳርም የኖርኩት ሰው፣ እነዚያን ሰዎች ማረም አቃተኝ። ከጤና ጣቢያው ግድግዳ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።

የወንበራችሁን ዕድሜ ያርዝምልኝ፤ ብትነሡ የሚቀመጥበት ሰው ይጠፋል ብዬ እሰጋለሁና።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ከአክብሮቱም ከሚበልጠው ነገር ጋር፤
መሪጌታ ተስፋው፣ የነርስ ያምሮት አባት
ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 2009 ዓ.ም.

ግልባጭ፦ በበራችሁ ላይ ለተሰቀለው፣ ቁልፉ ለጠፋው የአስተያየት መስጫ ሣጥን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ወር ከኮሚቴያችሁ አባላት አንዱ፣ ስማቸውን በአክብሮት እተወዋለሁ፣ «መሪጌታው ሥር ያውቃሉ» ተብለው ለሪሃቸው መድኃኒት ፍለጋ በመኪና ከቤቴ ድረስ መጥተው ነበር። የማን አባት እንደ ሆንኩ አላወቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ቅኔ እንጂ ሥር እንደማላውቅ አስረድቼ፣ ሐኪም ቢያዩ እንደሚሻላቸው በትሕትና መከርኳቸው። እርሳቸውም ጉልበታቸውን እያሹ፣ «ምን ሐኪም አለ ብለው ነው፣ አባቴ!» አሉኝ።