ማቴ የፈሰሰባት ላፕቶፕ

ፓሶ ዴል ቴሮ፣ ኅዳር

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ሐኪሙ የሰጠሽን ቅባት እየተቀባሽ ነው ወይስ እንደ ልማድሽ መሳቢያ ውስጥ ቆልፈሽበት «አልሠራልኝም» እያልሽ ነው? የብርቱካን ዛፎችሽስ አበባቸውን አራገፉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤና ነኝ። ከጤናም በላይ ነኝ። ካለፈው ዓርብ ጀምሮ ጥርሴን መክደን አቅቶኝ፣ ተማሪዎቼ «ቲቸር ዛሬም አልተቆጣችም» እያሉ ይንሾካሾካሉ።

ስንት ደብዳቤ ጽፈሽልኝ አንድም አልመለስኩልሽም። ተቀይመሻል፤ ሐቅሽ ነው። ግን እስቲ አንቺ በእኔ ቦታ ሁኚ። «የኋላውን ክፍል ቀለም አስቀባሁልሽ፣ መጋረጃም ሰቀልኩ፣ ትምህርት ቤቱ እንደሁ ሊዘጋ ነው፣ መቼ ነው ጠቅልለሽ የምትመጪው?» ስትዪኝ ምን ብዬ ልመልስልሽ? መልሱን እኔም አላውቀውም ነበር። መልሱ ያለው አንዲት ትንሽ ላፕቶፕ ዘንድ ነበር። አትሳቂ፤ ከሥሩ ልንገርሽ።

ዘንድሮ አራት ተማሪ ብቻ እንደቀረኝ ታውቂያለሽ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ በሩ ይቆለፋል፣ እኔም ሻንጣዬን ይዤ ወደ አንቺ። ልትጎድል የነበረችው ደግሞ ዩሊያና ናት፤ ከወንዙ ማዶ በፈረስ የምትመጣው የኤልቢዮ ልጅ። ስድስተኛን ጨርሳለች፤ ከዚህ በኋላ ያለው ትምህርቷ እዚሁ እኔ ጋ ተቀምጣ ከከተማ በላፕቶፕ የሚላክላት ነው። ላፕቶፕ ከሌላት ትምህርት የለም። የነበራት ደግሞ በበጋው መጨረሻ ሞተባት። አባቷ «እነዚህ ዕቃዎች ቤቱ ምንጣፍ ላለው ሰው የተሠሩ ናቸው፣ ቲቸር» አለኝ። «ልጄ እናቷ በምትሠራበት በከብት እርባታው ቤት ወጥ ቤት ትግባና ትሥራ። ምድጃ ቢያንስ ውሃ ቢደፋበት አይሞትም።»

ምድጃና ውሃ ምን አገናኛቸው ብዬ ግራ ገብቶኝ ነበር። በኋላ ዩሊያና በጆሮዬ ነገረችኝ። ስለ አባቷ ድርሰት ጽፋ ኖሮ፣ እሱ ማቴውን እየመጠጠ ሊያይ ከትከሻዋ በላይ ሲያጎነብስ ቅሉ ከእጁ አመለጠው። የፈላው ውሃ ከነቅጠሉ ኪቦርዱ ላይ! ከዚያ ወዲህ የላፕቶፕ ስም ሲነሳበት ይቆጣል። በማን እንደሚቆጣ ያን ጊዜ ገባኝ፣ አንጀቴንም በላኝ።

ክረምቱ ሲገባ የአውራጃው ቢሮ ጠራኝ። ለገጠር ትምህርት ቤቶች ሁሉ የሚታደለው አዲስ ላፕቶፕ ሊመረጥ ነው፤ ሁለት ዓይነት ቀርቧል፤ መምህራን ይሞክሩትና ይፍረዱ ተባለ። ኢንጂነር ሊሳንድሮ የሚሉት ወጣት ከሞንቴቪዴዮ መጥቶ አደለን። ሌሎቹ መምህራን ቀጭኑን ተሻሙት። ያምራል፤ ብርማ ነው፣ እንደ ትሪ የሳሳ ነው። ለእኔ ትንሿ ደረሰችኝ። የዳቦ ያህል ወፍራም፣ ዙሪያዋን ጎማ የለበሰች፣ እንደ ድስት እጀታ ያላት። ዳርዶ ገና ሲያያት «ይቺ ላፕቶፕ ናት ወይስ የምሳ ዕቃ?» አለኝ። ዳርዶ ማለት ሰኞና ሐሙስ የሚመጣው የአውቶቡሱ ሹፌር ነው። ስለ እሱ የምጽፍልሽ ነገር የለም፤ እንዲሁ ስለመጣ ነው ያነሳሁት።

ትንሿን ይዤ ኤልቢዮ ቤት ሄድኩ። «ልጅህ ትሞክርልኝ» አልኩት። ዕቃዋን በእጁ መዘነና «እስክትሰበር ድረስ ትሞክር» አለ። «ከተሰበረች ግን ወሬው እዚያው ያልቃል፤ ዳግመኛ ደጄ እንዳይመጡ።» ተጨባበጥን። ፊቴ ላይ ምንም አላሳየሁም፤ ስመለስ ግን መንገዱን ሙሉ ስጸልይ ነው የመጣሁት።

እህቴ፣ ያቺ ዕቃ ያላየችው መከራ የለም። ወንዙን ሲሻገሩ ፈረሱ ደንብሮ ከነከረጢቷ ድንጋይ ላይ ጥሏታል። በጎቹን ሲቆጥሩ አንዱ አውራ በግ ክዳኗ ላይ ቆሞ ወዲያ ወዲህ ተመልክቷል። በዝናቡ ቀን ሁላችንም ቂጣ እየጠበስን በቅባት እጃችን ነካክተናታል። ዐውሎ ነፋሱ መብራት ባጠፋ ጊዜ ዩሊያና ከጠዋት ጀምሮ ፈረሷ እስኪጫን ድረስ በባትሪ ብቻ ተምራለች። ልጅቷ ደግሞ በየቀኑ እየጠራረገች ለእኔ ሪፖርት ታቀርባለች፦ «ቲቸር፣ ዛሬም አልሞተችም!»

አንድ ነገር ብቻ አልሞከርንም። ማቴ። ማንኛችንም አልደፈርንም። ያለችን እሷ ብቻ ናት፤ የልጅቷ የዓመቱ ሥራ ያለውም እዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ ቅሉና ፔርሙሱ ወደ በሩ፣ ላፕቶፗ ወደ መስኮቱ፣ እንዲህ ለያይተን ከረምን።

ባለፈው ዓርብ ለፍርድ አውራጃው ከተማ ታኳሬምቦ ተጠራን። ዳርዶ መሥመሩን ለወንድሙ ልጅ ሰጥቶ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ እኔን በራሱ መኪና ይዞኝ ሄደ። ለምን እንዳስተኮሰ እንጃለት። አዳራሽ ስንገባ ባዶ እጅ መቀመጥ አልችልም ብሎ ለኮሚቴው ማቴ የመቅዳቱን ሥራ ያዘ፤ አንዱ መጥጦ ሲመልስ ለሌላው እየሞላ ዞረ። ማን ይከለክለዋል?

ተራዬ ሲደርስ ከጉድለቷ ጀመርኩ። ፈረስ ሻጭ ከጉድለቱ ካልጀመረ ማን ያምነዋል? ለመነሳት ትዘገያለች፤ እስክትነሳ ውሃ ጥደሽ ታፈያለሽ። ድምጿ ቆርቆሮ ውስጥ የገባች ንብ ነው። ፀሐይ ላይ ስክሪኗ አይታይም። ካሜራዋ ሁላችንንም ከወንዝ የወጣን ሬሳ ታስመስለናለች። ሰው ሳቀ። ከዚያ ደግሞ የሆነችውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ወንዙን፣ አውራ በጉን፣ ዐውሎውን።

ኢንጂነር ሊሳንድሮ በትሕትና አዳመጠኝ፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ስጨርስ ግን «ቀጭኑም ፈተናውን ሁሉ አልፏል» አለ። «ጥለነዋል፣ አቧራ ነፍተንበታል፣ ክዳኑ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሰንበታል። ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ ፈጣን ነው።» እኔም አላስቻለኝም። «ኢንጂነር፣ በዚህ አገር ላፕቶፕ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሰሰ ሰው አይተው ያውቃሉ?» አልኩት። «የእኛዎቹ የሞቱት በማቴ ነው። ሙቅ፣ ከነቅጠሉ፣ ክፍት ኪቦርድ ላይ።» አዳራሹ ተንጫጫ፤ እያንዳንዱ መምህር የራሱን የላፕቶፕ ሬሳ ማስታወስ ጀመረ። ሊሳንድሮ ሳቀና «ማቴ እኮ ክፍል ውስጥ አይፈቀድም፣ እትዬ» አለ። ይህን ሲል ራሱ የማቴውን ፔርሙስ ብብቱ ሥር ሸጉጧል።

ዳርዶም በዚያች ቅጽበት የሞላ ቅል ይዞ በጠረጴዛው ላይ ተንጠራርቶ ሊሰጠው መጣ። ቀጭኑ ላፕቶፕ በመካከላቸው ተከፍቶ ነበር። የማን ክርን የማንን እጅ እንደነካ አላየሁም። ቤተ ክርስቲያን ወስደሽ ብታስምዪኝም አላየሁም ነው የምልሽ። ያየሁት ቅሉ ሲገለበጥ ነው። ቀጭኑ አንዴ ብልጭ፣ ሁለቴ ብልጭ፣ ከዚያ ጸጥ። ዳርዶ «ይቅርታ ጌታዬ! እጄ እኮ የሹፌር እጅ ነው» እያለ በመሀረቡ ይጠርጋል፤ ፊቱን ብታዪው የቅዱስ ሥዕል ነው።

ሊሳንድሮ ቀላ፣ ከዚያም ነጣ። ቢሆንም ወንድ ነው፤ «አደጋ ፈተና አይደለም» አለ። «ያቺኛዋስ ብትሆን እንደምትተርፍ በምን እናውቃለን?» ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው ያበገነኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔም ትንሿን ከፈትኳት፣ አበራኋት፣ የሊሳንድሮን ፔርሙስ ተቀበልኩና የዳርዶን ቅል እስከ አፉ ሞላሁ። ዳርዶ እጄን ያዘኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ «እርስዎ» ነበር የሚለኝ፤ ያን ጊዜ ግን «ተይ አንቺ ሴትዮ፣ የልጅቷ ነገር ነው!» አለኝ። እኔ ደግሞ ለልጅቷ ብዬ እኮ ነው። ደፋሁት።

ውሃው በኪቦርዱ ገብቶ በሆዷ በኩል ባሉት ቀዳዳዎች ጠረጴዛው ላይ ወረደ። አጠፋኋት፣ ገለበጥኳት። ከሥሯ ያሉት ብሎኖች ትልልቅ ናቸው፤ ዳርዶ ከወገቡ በማያወርደው የሥጋ ቢላ ፈታኋቸው። ኪቦርዷን አውልቄ ቧንቧ ሥር አጠብኩት፣ ቅጠሉን በጥፍሬ ለቀምኩ፣ በአንገት ልብሴ አደረቅኩና መስኮቱ ላይ ፀሐይ አሰጣሁት። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ምን እያሰብኩ እንደነበር ልንገርሽ? መጋረጃሽን። ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፌ ነቅቼ ያንን ቆንጆ መጋረጃሽን ሳየው፣ ማንም «ቲቸር» ብሎ ሳይጠራኝ ሲውል ታየኝ። ፈራሁ እህቴ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

መልሼ ገጠምኳትና ቁልፏን ተጫንኩ። እንደ ልማዷ ዘገየች። አንዲት መምህርት መቁጠሪያዋን አውጥታ መጸለይ ጀመረች። ከዚያ ንቧ ቆርቆሮዋ ውስጥ ጮኸች፣ ስክሪኑም በራ፤ የዩሊያና ፈረስ ሁለት ጆሮው ብቻ የሚታይበት ፎቶ ድቅን አለ። የጻፈችውንም ሁሉ ከፈትኩት፤ አንድ ፊደል አልጎደለም። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ! እኔ ምን እንዳደረግኩ አላስታውስም፤ ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት ይላሉ፣ ሊሳንድሮን ሳምኩት ይላሉ። ድምፅ ሲሰጥ ለትንሿ መጀመሪያ እጁን ያወጣው እሱ ራሱ ነው። «ከእንግዲህ የምፈትነው ሁሉ ማቴ ይቀምሳል» አለ። ትንሿ ተመረጠች።

የዚያኑ ዕለት ሳይመሽ ዳርዶ በቀጥታ ኤልቢዮ ደጅ አደረሰኝ። ኤልቢዮ አጥር ያጠብቅ ነበር። ነገርኩት። መዶሻውን እንደያዘ «ማቴ ፈሰሰባት?» አለኝ። ፈሰሰባት አልኩት። «ሙቅ?» የፈላ። «ቅጠሉም?» ቅጠሉም። «እና በራች?» በራች። ቆቡን አወለቀና ወደ በጎቹ ዞረ፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ብዙ ቆየ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቼ እኔም ወደ ዳርዶ መኪና ዞርኩ። ሲመለስ ግን ቁጣ በቁጣ ሆኖ ነው፦ «ታዲያ እንዲህ ዓይነቱ እያለ ያንን በውሃ የሚሟሟ ከረሜላ ለልጅ የሚሰጠው ማን ነው!» አለና ጮክ ብሎ ወደ ቤት ተጣራ፦ «ዩሊያና! መጽሐፍሽን አንሺ፤ ወጥ ቤቱን እናትሽ አንቺን ሳትወልድም ስትሠራው ኖራለች!» ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታ ኖሮ፣ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱ «መዶሻ ይዣለሁ እኮ፣ ልጅት» ይላል፤ እሷ አትለቀውም።

ሰኞ ዕለት ስሟ ለመጪው ዓመት ተመዘገበ። የአውራጃው ቢሮ ተቆጣጣሪም ደውላ ትምህርት ቤቱ እንደማይዘጋ አረጋገጠችልኝ።

እንግዲህ ስለ ክፍሉ። በፍቅር እንዳዘጋጀሽው አውቃለሁ፤ ቀለሙንም ከእኔ ዓይን ጋር እንዲሄድ ብለሽ እንደመረጥሽው አልጠፋኝም። ግን አልመጣም እህቴ። አከራዪው። ከነመጋረጃው ለአንዲት ጨዋ ተማሪ ስጪው፣ ቤቱም ድምፅ ያግኝ። እኔ ገና «ቲቸር» የሚለኝ ሰው አለኝ። አታልቅሺ፤ ካለቀስሽም እንደ ኤልቢዮ ጀርባሽን ሰጥተሽ አልቅሺ። ለገና እመጣለሁ፤ አሳዶውን፣ ጥብሱን፣ በእኔ ላይ ጣዪው፤ በጉም፣ ማገዶውም፣ ቢላውም ከዚህ ይመጣል።

ጉልበትሽን ጌታ ይማርልሽ። ብርቱካንሽን ከበረዶ ይጠብቅልሽ፤ ደጅሽን ከሰው አያሳጣብሽ፤ ለእኔም አንቺን ያቆይልኝ።

ምክርሽን ሰምታ የማታውቀው፣
ታናሽ እህትሽ

ሳልረሳ፦ ለገና ጠባቡን አልጋ እንዳታነጥፊ። ሰፊውን፣ የእማዬን አንጥፊልኝ። ዳርዶ ሲተኛ ይንፈራገጣል ይላሉ፤ እኔ ምን አውቄ።