በመቁጠር የሚጀምር ዘፈን

ለውድ እታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ማሽኑ ላይ ስታጎነብሺ የሚነሳብሽ የጀርባ ሕመም ተሻለሽ ወይ? እማዬ ደህና ናት፤ እንቅልፏም ትንሽ ትንሽ ተመልሶላታል። እኔም በጤናዬ ደህና ነኝ። በጤናዬ ስልሽ ግን ትኩሳት የለኝም ለማለት ነው እንጂ እግሬ አንድ ቦታ አላርፍ ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ጠረጴዛውን በጉልበትህ እያንቀጠቀጥክ ሰው አስቸገርክ ብላ የመጻሕፍት ቤቱ ኃላፊ አስወጣችኝ። አሁን ደረጃው ላይ ተቀምጫለሁ። ጽሑፌ ከተጣመመ ጥፋቱ የደረጃው ነው።

ለምን አልደወልክልኝም እንደምትዪ አውቃለሁ። ባለፈው እሑድ ስደውል ገና የቀጮን ስም ከመጥራቴ ዘጋሽብኝ። ደብዳቤ ግን ተናደው መሃል ላይ ቢጥሉትም ተመልሰው ያነሱታል። እባክሽ ስትናደጂ ጣዪው፤ ከዚያ አንሺው።

ከዚህ ጋር ሁለት ገጽ ወረቀት አለ። ወንድም ጋሼ ስምንት ዘፈን ቀርጾ ነው የሄደው። አንዱን አገር ያውቀዋል። ሰባቱን ግን ከእኔና ከቀጮ በቀር የሰማቸው የለም፤ እሱ ካረፈ ጀምሮ ቀጮ ኮምፒውተር ውስጥ እንደተቀመጡ ሰባት ወራቸው። ያ ዘፈን በስልክ የሚያሰማው ድርጅት ስምንቱንም በወንድም ጋሼ ስም አወጣለሁ ብሏል። ወራሾቹ ግን መፈረም አለባቸው። እማዬ ፈርማለች። የእኔ ዕድሜ አልደረሰም። የቀረው ያንቺ ፊርማ ነው። አንቺ ደግሞ የቀጮ ስም አቀናባሪ ተብሎ ወረቀቱ ላይ ስላለ፣ ከሌባ ስም አጠገብ ስሜን አላስቀምጥም አልሽ።

ከአራት ቀን በፊት ታክሲ ውስጥ ዘፈኑ ተከፈተ። ከፊት የተቀመጠች ሴትዮ ዘፋኙ ማነው ብላ ሾፌሩን ጠየቀችው። ስልኩን አየና፣ ስም የለውም፣ አዲስ አሥራ አራት ነው የሚለው አላት። እሷም፣ ውይ፣ እናቱ ስም አጥታ ነው እንዴ እንዲህ ያለችው ስትል ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ እታለም። ለምን እንደሳቅሁ አላውቅም። ከመውረጃዬ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ።

እንደወረድኩ በቀጥታ የሄድኩት ስልክ ላይ ዘፈን ወደሚጭነው ሰውዬ ሱቅ ነው። አጥፋልኝ ብዬ ለመንኩት። እኔ ባጠፋው ስንት ሺህ ስልክ ላይ አለ፣ የፈሰሰ ውሃ ልታፍስ ነው ወይ አለኝ። ሌባ ነህ አልኩት፤ አፌ ቀደመኝ። ሰውዬው አልተቆጣም። ልጄ፣ ሰው መጥቶ ይህን ዘፈን ስጠኝ ይለኛል፣ እኔ ባልሰጠው የት ሄዶ ይግዛው፣ የሚሸጥበት ሱቅ አሳየኝ አለኝ። እውነቱን ነዋ። ከዚያ ስለ ድርጅቱ ነገርኩት፤ የዘፋኙ፣ የግጥሙ፣ የተጫዋቾቹ ስም እንደሚጻፍበት፣ በተሰማ ቁጥር ድርሻው ለባለቤቱ እንደሚደርስ። አገጩን እያሻሸ ሰማኝና፣ እንግዲያው የወጣ ዕለት ንገረኝ፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እዚያ ነው ያለው እላለሁ አለኝ። ቆይቶም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዘፋኙ ማነው ሲል ጠየቀኝ። ስምንት ወር አልፎታል ሲጭነው፣ እታለም፤ ስሙን ግን አያውቅም።

በክፍላችንም ነገሩ ያው ነው። ባለ መነጽሩ ልጅ፣ በነጻ እያለልህ ማን ይከፍላል፣ ሞኝህን ፈልግ ይለኛል። የወሩ ክፍያ እኮ አንተ በሳምንት ለማስቲካ ከምታወጣው አይበልጥም አልኩት። ዘፈኑ የሰው ላብ ነው፣ ባለቤት አለው ስለውማ፣ ባለቤቱ ሞቷል አለኝ። ወዲያው ደነገጠ። እናቱ አልሞተችም አልኩትና ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ሒሳብ ትምህርት አመለጠኝ። ይቅርታ።

እያዞርኩሽ ነው፤ አውቃለሁ። አሁን ሦስተኛ ቦታዬ ላይ ነኝ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ አጥር ላይ።

ለቅሶ የመጣሽ ቀን ታስታውሻለሽ? አውቶቡሱ ውስጥ ዘፈኑን ሰምተሽ፣ መጀመሪያው ላይ የቀጮ ድምፅ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ ሲቆጥር ሰምተሽ ነበር የገባሽው። በሰው ፊት፣ የገዛ ድምፅህ እየመሰከረብህ ምን ትላለህ፣ ወንድሜን ሸጥከው አልሽው። እኔ የብርጭቆ ትሪ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ቀጮ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ያየው ግን አንቺን አልነበረም። እኔን ነበር ያየው። ከዚያ እሱ ያጠለቀልሽን ቀለበት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽ፤ እሱም አንስቶ ወጣ።

ያን ዘፈን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ባለ መነጽሩ፣ ወንድምህ ዘፋኝ ነው ትላለህ፣ ዘፈኑ የታለ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው እንዴ የሚዘፍነው እያለ ያበሽቀኝ ነበር። አንድ ቀን ወንድም ጋሼ ገላውን ሲታጠብ ስልኩን አነሳሁና ዘፈኑን ወደ ራሴ ላክሁት። ለማንም እንዳትሰጥ ብዬ አስምዬ ለልጁ ሰጠሁት። እሱ ለአክስቱ ልጅ ብቻ ሰጠ። የአክስቱ ልጅም ለአንድ ሰው ብቻ። ሁሉም የሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ሰማሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከደስታዬ ብዛት ባለ መነጽሩ ፊት እንደ አንበሳ ተጎማለልኩ።

ከዚያ አልበሙን ሊያሳትም የነበረው ነጋዴ፣ ሕዝብ እጅ የገባ ዘፈን ለማን እሸጣለሁ ብሎ እጁን ሰበሰበ። ወንድም ጋሼም ያን ጥቁር ሻንጣውን አንስቶ እንደገና በየከተማው ሰርግ መዝፈን ጀመረ። አልበሙ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ያን ቅዳሜ ያ ሚኒባስ ውስጥ

ይህን ዓረፍተ ነገር አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ትቼዋለሁ። ስርዙን ታዪዋለሽ። ይለፍ።

ከሦስት ቀን በፊት ወረቀቱን ይዤ ቀጮ ጋ ሄድኩ፤ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ያለችው፣ ግድግዳዋ ላይ የአልጋ ስፖንጅ የተለጠፈባት ክፍል። ቀድሞም የሚከሳ ሥጋ ባይኖረውም ከስቷል። አለመፈረምሽን ስነግረው፣ ይኸማ ቀላል ነው፣ የእኔን ስም ሰርዙትና ትፈርም አለኝ። ከፊቴ እስክሪብቶ አነሳ። አንድ ደቂቃ ያህል፣ እታለም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አንቺ ትፈርሚያለሽ፣ ሰባቱ ይወጣሉ፣ እኔም ምንም አልናገርም። ከዚያ ያቺ የታክሲዋ ሴትዮ ስትስቅ በጆሮዬ መጣች። እስክሪብቶውን ቀማሁት።

ያን ድምፅህን ግን ለምን አላጠፋኸውም ብዬ ጠየቅሁት። መልስ እንዳይሰጠኝ ገመድ መጠቅለል ጀመረ። ስነዘንዘው ቆይቶ፣ ቆጠራውን የምተወው ዘፋኙ ቤቱ ሲለማመድ በሰዓቱ እንዲገባ ለሚወስደው ቅጂ ብቻ ነው አለኝ። አንድ ቅጂ ነው ያለው፤ ወንድም ጋሼ ስልክ ላይ። ለመሸጥ ያሰበ ሰውማ መጀመሪያ የሚያጠፋው የራሱን ድምፅ ነበር። አየሽ፣ አንቺ መሰከረበት ያልሽው ድምፅ ከቤታችን መውጣቱን ነው የሚናገረው።

ወንድም ጋሼ ያወጣሁት እኔ መሆኔን ያውቅ ነበር ወይ አልኩት። ዘፈኑ ታክሲ ውስጥ በተሰማ ማግስት አውቋል አለኝ። ስቱዲዮው ውስጥ እየሳቀ፣ የእኛ ቤት ሌባ አሥር ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ነው ብሎታል። ተቆጥቶም ነበር፤ ግን ልጁ ፈተና ላይ ነው፣ ሲጨርስ እኔው ጆሮውን እቆነጥጠዋለሁ፣ እስከዚያ ለማንም እንዳትናገር ብሎ አስምሎታል። ፈተናውን የጨረስኩት እሱን ከቀበርን በኋላ ነው። ቀጮን ከመሐላው የሚያወጣው ሰው አልቀረም።

ሁለት ወር ሙሉ ከወንድም ጋሼ ጋር አንድ ክፍል ስተኛ፣ እያወቀ ሸሚዙን ያውሰኝ ነበር።

አሁን ቤት ነኝ። ለእማዬ ዛሬ ጠዋት ነገርኳት። ለእህትህ በገዛ እጅህ ጻፍላት አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ማልቀሷን ሰምቻለሁ። እኔ ላይ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። አንቺ መጮህ ከፈለግሽ ደውይ፤ ስልኬን ከእጄ አልለይም። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ እሱን ለመጠየቅ ገና አልደረስኩም። የምለምንሽ ፊርማውን ነው፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከእማዬ ስም በታች። ሰባቱን ሰው ይስማቸው። ሦስተኛው ስላንቺ ነው፤ ምን እንደሚል አልነግርሽም።

ወረቀቱን በፖስታ አትመልሺው። ያመጣልሽ ሰው ለፋብሪካችሁ ዘበኛ ሰጥቶ ከበሩ ማዶ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ይቆይሻል። ፖስታውን አሽጌ ነው የምሰጠው፤ የሚያስፈርም ወረቀት ብቻ የያዘ ይመስለዋል። ስሙን ለዘበኛው እንዳይናገር ለምኜዋለሁ። ስቆ፣ ብናገር ማን ይወጣልኛል አለኝ። አሁን ታች ሆኖ ፉጨት እያሰማኝ ነው፤ አውቶቡሱ ሊያመልጠው። የለበሰው ሸሚዝ ስስ ነው፣ ሥጋ እንደሌለውም ታውቂያለሽ፤ እናንተ ጋ ደግሞ ነፋሱ አይጣል ነው ብለሽኛል። ብዙ አታቁሚው።

እግዚአብሔር እጅሽን ከመርፌ፣ ልብሽን ከቂም ይጠብቅልኝ። የጎደለብንን አይመልሰውም፤ የቀረነውን ግን አያጉድለን። እማዬ ግንባርሽን ትስማለች።

የሚፈራሽና የሚወድሽ
ታናሽ ወንድምሽ