ወደ ጅቡቲ ከመምጣትሽ በፊት

ለልጄ እጮኛ፤

የአላህ ሰላምና እዝነት በአንቺና በቤታችሁ ሁሉ ላይ ይሁን። እንዴት ነሽ ልጄ? እናትሽ ከጉልበት ሕመማቸው ተሻላቸው? አባትሽስ ደህና ናቸው? ያቺ ሳቂታ ታናሽ እህትሽስ? እኛ ዘንድ ሙቀቱ ከአሁኑ ጀምሮናል፤ መብራትም ይሄዳል ይመጣል። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ አለሁ።

ይህን ደብዳቤ ያቀበለችሽ ሴት አበዛሽ ትባላለች። የሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ናት፤ ለወንድሟ ልጅ ሠርግ ወደ ድሬዳዋ ስትሄድ ነው በእጇ የላክሁልሽ። ብቻሽን ስትሆኚ እንድትሰጥሽ አደራ ብያታለሁ። አንቺም ብቻሽን አንብቢው። ፎቶ እንዳታነሺው፤ በስልክሽም ስለ እሱ ለማንም እንዳትጽፊ። ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ሙሕሲን ከሱቅ ለምሳ መጥቶ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ተቀምጧል። ሻይ ላቀብለው ስጠጋ ያንቺን ስም አየሁ። ከጓደኛሽ ከውዳድ ጋር የተጻጻፋችሁት ሁሉ ፊቱ ተደርድሯል። ምንድን ነው ስለው ሳቀ። ባለፈው እናንተ ዘንድ የመጣ ጊዜ ስልክሽን ለአንድ አፍታ ተቀብሎ ከኮምፒውተሩ ጋር እንዳገናኘው፣ የምትልኪውም የሚላክልሽም እሱ ጋ እንደሚታይ ነገረኝ። ታውቃለች ወይ አልኩት። ሚስቴ ልትሆን አይደል፣ ከእኔ የምትደብቀው ምን አላት አለኝ። ሲለኝ ቁጣ የለው ምን የለው፤ ሻዩን ጠጥቶ፣ እጄን ስሞ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ከውዳድ ጋር የተጣላሽው በራስሽ ፈቃድ ይመስልሻል አይደል? ከመጣላታችሁ ከወር በፊት፣ ይህቺን ልጅ ከአጠገቧ ማራቅ አለብኝ ብሎኝ ነበር። እኔም ዝም አልኩ።

ሌላ ቀን ደግሞ በቪዲዮ ስታወሩ በኋላው አለፍኩ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። ከኋላሽ የሚስቀው ማን ነው ሲልሽ ሰማሁ። አንቺም ክፍሉን ዙሪያውን አሳየሽው፤ ከቁም ሳጥኑ ጀምረሽ እስከ በሩ። እህትሽ አልጋው ላይ ተቀምጣ ብርቱካን እየላጠች ትስቃለች። በሩን ክፈቺው አለሽ፤ ከፈትሽው። ፊትሽን አየሁት ልጄ። ያን ፊት አውቀዋለሁ።

አባቱ ዓብዱሰመድ፣ አላህ ይማረውና፣ በእኛ ጊዜ ስልክ ስላልነበረ ደቂቃ ነበር የሚቆጥረው። ከቤት ወጥቼ ዓሣ ገዝቼ እስክመለስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ያውቅ ነበር። በሰፈራችን በካርቲየ 6 መንገድ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ዘንቢሌን ይዤ ስሮጥ ሴቶቹ ይስቁ ነበር። እንዴት ቢወድሽ ነው ይሉኛል። እኔም ይህንኑ ነበር የማምነው። ሙሕሲን ያኔ እግሬ ሥር እየዳኸ ነበር።

ልጄን ጠልቼ የማማው እንዳይመስልሽ። የግፊት መድኃኒቴ ሳያልቅ ገዝቶ የሚያመጣው እሱ ነው። መንደሩ ሁሉ ይመርቀዋል። ለዚህም ነው ሲቆጣ ሁልጊዜ ሰበብ የምፈልግለት፤ አንዴ ሙቀቱ ነው እላለሁ፣ አንዴ ገበያው ቀዝቅዞበት ነው፣ አንዴ ጫቱ ነው። ጫት ሳይቅም በዋለባቸው ቀናትም ግን ያው ነው። ይህን ለማመን ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

አሁን ከሁሉ የከበደኝን ልንገርሽ። ቤታችሁ ለሽምግልና በመጣን ቀን፣ እናትሽ የመጀመሪያ ትዳሩ ለምን ፈረሰ ብለው ጠየቁኝ። ልጅቷ ፈረንሳይ መሄድ ፈልጋ ነው አልኩ። ዋሸሁ። በቤታቸው ተቀምጬ፣ ምግባቸውን በልቼ ዋሸሁ።

ናዒማ ከልጄ ጋር የኖረችው አሥራ አንድ ወር ነው። በስምንተኛው ወር አንድ ቀን በቀትር፣ ሁለት እግሯ ላይ የተለያየ ጫማ አድርጋ እኔ ቤት ገባች። ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠኋት፤ ፀጉሯን አበጠርኩላት። ከዚያ ሁሉም ቤት ያለ ነው፣ ታገሺ ብዬ፣ እጇን ይዤ ራሴ ወደ እሱ መለስኳት። ሁለተኛ ወደ እኔ አልመጣችም። ከሦስት ወር በኋላ አክስቷ ዘንድ ሸሽታ ገባች።

ባለፈው ዓርብ ስልክሽ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ዝግ ነበር። ፈተና ላይ እንደነበርሽ፣ ባትሪሽም እንዳለቀ በኋላ ሰማሁ። አንቺ የምታውቂው ማታ ስትደውዪ እያለቀሰ ይቅርታ እንደጠየቀሽ፣ ስለምወድሽ ነው እንዳለሽ፣ በማግሥቱም በሰው እጅ ሰዓት እንደላከልሽ ነው። ከዚያ በፊት የሆነውን ግን እኔ ነኝ ያየሁት። የቁም ሳጥኑን መስተዋት በወንበር ሰበረው። ክፍሉ ውስጥ እየተመላለሰ፣ እዚህ ትምጣ ብቻ፣ እዚህ ማን አላት ይል ነበር። ደጋግሞ ነው ያለው። ማን አላት።

ስልኬን አንሥቼ፣ አሁኑኑ ለአባቷ እደውላለሁ አልኩት። ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ ላይ ማስፈር አልፈልግም። ልጄ ነው።

እሑድ ሆዳን ሰፈር ድረስ ሄጄ የናዒማን በር አንኳኳሁ። ስታየኝ በሩን ይዛ ቆመች፤ እኔ የምትዘጋብኝ መስሎኝ ነበር። ብዙ አይታኝ አስገባችኝ። ይቅር በይኝ አልኳት። ዛሬ ይቅር ብያለሁ ብልሽ ውሸት ይሆናል አለችኝ። ቀጥላም፣ ያቺ የድሬዳዋዋ ልጅ ግን ታውቃለች? ብላ ጠየቀችኝ። አታውቅም አልኳት። እሷ ላይም በስልኳ እንደጀመረ፣ ከዚያ ጓደኞቿን፣ ከዚያ ሥራዋን እንዳስተዋት ነገረችኝ። እጁ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እጁ ከመምጣቱ በፊት ሌላው ሁሉ መጥቶ ነበር፣ እኔ ግን እጁን ነበር የምጠብቀው አለችኝ። ለልጅቷ ይህን ንገሪልኝ ያለችኝን ነው የነገርኩሽ።

ኒካሑ ሊታሰር አንድ ወር ነው የቀረው። ልምጣ አልምጣ ብለሽ የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ እኔ አንድ ጊዜ ለሌላ ሴት ልጅ ወስኜ አይቼዋለሁ። ሳታውቂ ግን እንዳትመጪ። መጀመሪያ ለአባትሽ በአፍሽ ንገሪያቸው፤ በስልክ አይደለም። ስልክሽን ሙያውን የሚያውቅ ሰው ይይልሽ፤ እስከዚያ ድረስ እንደ ወትሮው አውሪው፣ የለወጥሽው ነገር እንዳለ አይወቅ። እተውሃለሁ ብትዪው ባቡር ተሳፍሮ ይመጣል፤ ያለቅሳልም። ብቻሽን እንዳታገኚው፤ አባትሽና አጎቶችሽ ባሉበት ይሁን። ኮሌጁን እንድትተዪ የጠየቀሽንም አልሰማሽም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ውዳድንም ፈልገሻት ታረቂ፤ ጥፋት የለባትም።

ሽማግሌዎቹ የእኔን ምስክርነት ከፈለጉ እመጣለሁ። ውሸቱን የተናገርኩት እነሱ ፊት ነው፤ እውነቱንም እነሱ ፊት እናገራለሁ። ወላሂ እመጣለሁ።

መልስ ብትልኪልኝ ወደ ካርቲየ 6 አይሁን። በስልኬም አትደውዪልኝ፤ እኔ ጋ የለም። እህቴ ኻሊዳ ሃያብለ ሰፈር ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ቁጥሯ ከወረቀቱ ጀርባ አለ። ለጊዜው እሷ ዘንድ ነኝ። ቤቱ ቆርቆሮ ስለሆነ ቀን ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፤ እንቅልፍ ግን አለኝ።

አላህ እግርሽን ከክፉ መንገድ ይመልስልሽ። በወላጆችሽ ቤት እንደ ሳቅሽ የምትስቂበትን ቤት ይስጥሽ። የጀመርሽውን ትምህርት ያስጨርስሽ። እናትሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ከዚህ በፊት ስንጻጻፍ የእጅ ጽሑፌን ስለምታውቂው፣ ይህ የእሷ አይደለም ብለሽ እንዳትጠራጠሪ። ቃሉ ሁሉ የእኔ ነው፤ የጻፈችልኝ ኻሊዳ ናት። የቀኝ እጄን ሐኪሙ ለስድስት ሳምንት አስሮታል።

የሙሕሲን እናት