ሳትዘል ስለተበላሸችው ብስክሌት

ለተከበሩ የከተማችን ስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
መቱ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የመኪናዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ፣ ዝናባችን ከማይነፍገን ጉንፋን በስተቀር፣ ደህና ነን። ስሜ መህዲ ረዲ ይባላል፤ አምና በመካኒካል ምህንድስና ተመርቄ፣ ሥራ እስኪገኝ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ የብስክሌት ክለባችንን በነፃ የማሠለጥን ልጅዎ ነኝ። ይህን በአደባባይ መጻፌ ድፍረት እንዳይባልብኝ፤ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለምባል ነው። ለዚህ ትጋትዎም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ለክለባችን ሁለት የተራራ ብስክሌቶች በሰጠ ጊዜ፣ ጋሽ ዋቁማ የተባሉ ሽማግሌ እርጥብ ሣር በብስክሌቶቹ መሪ ላይ አስረው በኦሮምኛ «ሆሪ፣ ቡሊ»፣ እርቢ፣ ክረሚ፣ ብለው መረቁልን። እርስዎም አንደኛዋን ለልምምድ ፈቀዱልን፤ ሁለተኛዋን ግን «ለውድድር ቀን አዲስ እንደሆነች ትቆይ» ብለው ከነፕላስቲኳ ንብረት ክፍል አስቆለፉባት። ማናችንም አልተገረምንም። ሶፋው፣ ፍራሹ፣ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ሳይቀር ከነፕላስቲኩ የሚያረጅበት ቤት ያደግን ልጆች ነንና፣ ጥሩ ዕቃ ማለት ያልተነካ ዕቃ መሆኑን ከእናቶቻችን ተምረናል።

በልምምዷ ብስክሌት ከሁላችንም በላይ የበረታችው ሩዋይዳ ናት፤ የባለሱቋ የእትዬ ሳሊሐ ልጅ። ወደ ሶር ፏፏቴ በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ፣ ጎርፍ ቆርጦ እርከን ያስመሰለው ቦታ ስትደርስ አትወርድም፤ ከነብስክሌቷ ትዘላለች። ይህንኑ አንድ መንገደኛ በስልኩ ቀርጾ ለቀቀው፤ አገር ሲያጨበጭብ እርስዎ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴውም «መዝለል ብስክሌትን ያበላሻል» ሲል ወሰነና የልምምዷም ብስክሌት እዚያው ንብረት ክፍል ታሰረች። እንግዲህ አቤቱታዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ ለንብረት ያለዎትን ርኅራኄ አደንቃለሁ። ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ስጠየቅ የመለስኩትን እዚህም ልድገመው፦ አዎን፣ መዝለል ብስክሌትን ሊያበላሽ ይችላል። ጎማው ካልተነፋ ቸርኬው ይጎብጣል፤ በፊት ጎማ ብቻ ያረፈ ሰው ብስክሌቱንም ጥርሱንም ይሰብራል፤ የእኛን ዓይነቷን፣ ከፊት ብቻ ንጥቂያ የሚያበርድ አሞርዛተር ያላትን፣ ከሰው ቁመት መወርወር እብደት ነው። ከጉልበት ከፍታ ግን፣ ሁለቱም ጎማ እኩል ሲያርፍ፣ ጋላቢው ክንዱንና ጉልበቱን አጥፎ ክብደቱን ሲቀበል፣ ከዚያም ቤት ገብቶ ብሎኑን ሲያጠብቅና ራጂውን፣ የጎማውን ሽቦዎች፣ ሲያይ፣ ብስክሌቷ የተሠራችው ለዚሁ ነው። ሩዋይዳ ይህን ሁሉ ታደርጋለች። አንድ የተከበሩ የኮሚቴ አባል ግን «ልጄ፣ ብረት እንደ አጥንት አይደለም፤ ከተሰበረ ወጌሻ የለውም» አሉኝ። ብየዳ ቤት አለው ብል ስብሰባው ሳቀ፤ ውሳኔው ግን አልሳቀም።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥበቃዎ። ክረምቱን ሙሉ የንብረት ክፍሉ ጣሪያ ሲያፈስ ከረመ። ለክልሉ ቡድን ምርጫ ውድድር የምንሄድበት ቀን ጠዋት በሩ ሲከፈት፣ ያቺ ማንም ያልዘለለባት፣ አፈር እንኳ ያልነካት የውድድር ብስክሌት በፕላስቲኳ ውስጥ ውኃ አቁራ ቆየችን። ፕላስቲኩ ከጣሪያው የወረደውን ተቀብሎ መውጫ አሳጥቶታል። ካቴናው አንድ ብረት ሆኗል፤ ፍሬኑ ተጣብቋል፤ አሞርዛተሩ ዝጎ አልወርድም አልወጣም ብሏል። መሪው ላይ የጋሽ ዋቁማ ሣር ጠቁሮ ነበር። ፕላስቲክ ያልለበሰችው፣ የዘለልንባት፣ ጥግ ቆማ ጠበቀችን፤ ዘይት ስንቀባት ተሽከረከረች።

ሦስተኛውን ስጽፍ ቀልዱ ከእጄ ያመልጣል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። «እንግዲያው በዚችው ትሂድ» ብለን ለመንን። የንብረት ክፍሉ ሰው ከልቡ እያዘነ፣ «እሷማ ተበላሽታለች ተብሎ ተወስኗል፤ በብልሽት የተመዘገበ ዕቃ ለውድድር አይወጣም» አለን። ስልክዎ ላይ ደወልን፤ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሩዋይዳ የራስ ቁሯን አድርጋ፣ ማሰሪያውን አገጯ ሥር አጥብቃ፣ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወደ ውድድሩ ሊወስደን የመጣው መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ማሰሪያውን ፈታችው። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። የመንገድ ቆሎ ቋጥረው የመጡት እናቷ ቋጠሮውን እንደያዙ፣ «እኔ ሞኟ ለልጄ የምፈራላት ገደሉን ነበር፤ ለካ የሚፈራው በሩ ኖሯል» አሉ። የመመረቂያ ጽሑፌን የጻፍኩት ብረት ለምን እንደሚሰበር ነው፤ ያን ጠዋት ግን የእትዬ ሳሊሐን ቋጠሮ ተቀብዬ እስከ ሱቃቸው ተሸከምኩ።

ክቡር ሆይ፣ ወጣት ነኝና ተስፋ መቁረጥ ገና አልተማርኩም። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ሌላ ምርጫ አለ ይባላል። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ በመዝገብዎ ያልተበላሸችውን ለጽሕፈት ቤቱ ያቆዩልንና፣ በመዝገብዎ የተበላሸችውን ይስጡን። ልጅቷ ግን ብዙ እንደማትጠብቅ ይወቁት። ሰሞኑን ለእናቷ ሱቅ ዕቃ ተሸክማ ስትመለስ ከኋላዋ ሄድኩ። ያ እርከን ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ክንዷን አጠፈች፤ ጉልበቷን አጠፈች። ከዚያ በእግሯ ወረደች።

በስብሰባዎ መካከል ይህን ለማንበብ ጊዜ ካገኙ፣ ከበርዎ ውጭ ቆሜ የምጠብቅ፣
ታዛዥዎ መህዲ ረዲ

ማስታወሻ፦ ጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ አስፋልቱ ያለቀበት ጠርዝ ሩዋይዳ ከምትዘልበት እንደሚበልጥ አይተውት ይሆናል፤ መኪናዎ ጠዋት ይዘለዋል፣ ማታም ይዘለዋል። ለኮሚቴው ውሳኔ ሲባል መኪናው ንብረት ክፍል እንዲገባ አደራ እላለሁ። የወንበሩ ፕላስቲክ እስካሁን ስላልተቀደደ፣ ለማስቀመጥ አያስቸግርም።