ድንኳኑ ኳስ ሲያይ የዋለበት ቀን

ለሰፈራችን መረዳጃ እድር ዳኛ፣
ለክቡር አቶ ሻንቆ
ወላይታ ሶዶ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። የጉልበትዎ ሕመም እንዴት ሰነበተ? በየስብሰባው ቆመው ያን ያህል ሲናገሩ ስለማይ ተሽሎዎታል ብዬ ፈጣሪን አመስግኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ብዙም የሚሰማኝ ነገር ስለሌለ ደህና ነኝ ለማለት አልቸገርም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት፣ የዘንድሮው የአፍሪካ ክለቦች ውድድር ፍጻሜ ሲደርስ የእድሩ ድንኳን ለጨዋታ ማሳያ እንዲውል ለእሁዱ ጠቅላላ ጉባኤ ሐሳብ ማቅረብዎን በመስማቴ ነው። ነገሩ ከዚህ በፊት ተሞክሮ መልካም ውጤት እንደተገኘበትም አስረድተዋል አሉ። ሙከራው የተደረገው እናቴ ወይዘሮ እታፈራሁ በተቀበረችበት ቀን ስለነበረ፣ ስለ ውጤቱ እኔም ጥቂት ብመሰክር ቅር እንደማይሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለማያስታውስ አንባቢ፣ ጊዜው 2010 ዓ.ም.፣ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ነው። ክለባችን በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የካይሮውን ኃያል ቡድን በፍጹም ቅጣት ምት ጥሎ፣ ቀጥሎ ዳሬሰላም ላይ ሁለት ለባዶ ተሸንፎ፣ የመልሱን ጨዋታ ሐዋሳ ላይ የሚያደርግበት ዕለት ነበር። እናቴም ያንኑ ዕለት ጎህ ሲቀድ አረፈች። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፤ ለእኛ እድር ግን ከአሟሟቱም ቀኑ ሳይበልጥ አልቀረም። አለመመካከሯ የእሷ ጥፋት ነው፤ ስለ እሷ ሆኜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጡሩንባው አመሰግናለሁ። የእድራችን ደንብ ጡሩንባ የሚነፋው ለሞት ብቻ ነው ይላል። እርስዎ ግን ካይሮዎች የወደቁ ጊዜ ለደጋፊዎች አውሰውት ሰፈሩ ሲጨፍርበት ስላደረ፣ ያን ዕለት ጠዋት ጡሩንባ ነፊያችን እንደ ወጉ እየዞረ ሲነፋ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ሐዋሳ የሚሄዱት መኪኖች መነሻ መስሎት ማልያውን ለብሶ እየዘፈነ ወጣ። እኛ ውስጥ እናቴን እየገነዝን፣ ደጃችን ላይ ይጨፈር ነበር። በኋላ ነገሩን ሲሰሙ አብዛኞቹ አፍረው ማልያቸውን በጃኬት ሸፍነው ለቀብር መጡ። እነሱን አልወቅስም፤ በሰሙት ምልክት ነው የወጡት።

ሁለተኛ፤ ስለ ድንኳኑ። ከቀብር ስንመለስ ግቢያችን ባዶ ነበር። ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሮቹም፣ የሟች ፎቶግራፍ የሚቀመጥበት ጠረጴዛም ሰፈሩ መግቢያ ካለው ሜዳ ላይ ተተክለው፣ ጠረጴዛው ላይ ቴሌቪዥን ተቀምጦበት አገኘሁ። እርስዎን በአክብሮት ብጠይቅዎ፣ እርስዎም በአክብሮት ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፦

«ልጄ፣ ሟች የትም አትሄድም፤ ጨዋታው ግን የዛሬ ብቻ ነው» አሉኝ።

እውነትዎን ነው፤ የትም አልሄደችም። ዝናቡ ግን መጣ። ጎረቤቶች የእህል ማስጫ ሸራ ወጥረውልን ለቀስተኛው ከሥሩ ተጠጋግቶ ተቀመጠ። እናቴ በሰው ለቅሶ ከድንኳኑ ቀድማ የምትደርስ፣ ድንኳኑ ተነቅሎም ውኃ ስትቀዳ የምትቆይ ሴት ነበረች። ያንን ድንኳን ለብዙ ሰው ሲተከል አይታለች። ለእሷ ብቻ ነው ያልተተከለላት።

ሦስተኛው ረዘም ስለሚል ይታገሱኝ። የእናቴ እህት አሳየሽ ጉኑኖ ነው የምትኖረው። መርዶው ዘግይቶ ስለደረሳት፣ መንገዱም ጭቃ ስለነበረ ቀብሩ አመለጣት። ከዘመዶቻችን ሴቶች ጋር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከመኪና ሲወርዱ የእድሩን ድንኳን አዩ። የእድር ድንኳን ያየ ለቀስተኛ አድራሻ አይጠይቅም፤ እዬዬ እያሉ ገቡ። ጨዋታው ያኔ ማለቁ ነበር። ክለባችን አንድ ለባዶ አሸንፎ በደርሶ መልስ ውጤት ከውድድሩ ወጥቷል፤ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፤ ያ ሁሉ ሰው እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ፣ አንዳንዱም ፊቱን ሸፍኖ ተቀምጧል። አክስቴ ለእህቷ ይህን ያህል ሰው ማዘኑን ስታይ ጊዜ ሆዷ ባባ። ደረቷን እየመታች ሙሾ አወረደች። ደጋፊውም ከጉኑኖ ድረስ ለክለቡ ሊያለቅሱ የመጡ እናቶች ናቸው ብሎ ከመቀመጫው ተነሣላቸው፤ ያልቅስ አያልቅስ ያልወሰነውም አብሯቸው አለቀሰ። ውኃ ተሰጣቸው፣ ቆሎ ቀረበላቸው። ለቅሶ ቤት ንፍሮ ቀርቶ ቆሎ መምጣቱ ትንሽ ገርሟት እንደነበር አክስቴ ኋላ ነግራኛለች።

ነገሩ የታወቀው አንድ ፊቱን በቀለም የተቀባ ጎልማሳ አጠገቧ ተንበርክኮ ሊያጽናናት ሲሞክር ነው።

«አይዞሽ እናቴ፣ ለሚቀጥለው ዓመት እናካክሰዋለን» አላት።

አክስቴ ያኔ ቀና ብላ ቴሌቪዥኑን አየችው።

እኛ ቤት ስትደርስ ድምጿ ተዘግቶ፣ ዓይኗ ደርቆ ነበር። ሸራው ሥር አጠገቤ ተቀምጣ እስኪመሽ እጄን ይዛኝ ቆየች። ስለ እናቴ ከልቡ የሚያለቅስ ሰው የቀረኝ እሷ ነበረች። እኔ ያን ቀን አላለቀስኩም፤ እሷ ስትጀምር እከተላለሁ ብዬ ነበር የምጠብቀው። እስከ ዛሬም አልመጣልኝም።

አራተኛም ነበረኝ፤ ረሳሁት።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ንብረት በማስመለስ የሚታሙ ሰው አይደሉም። ድንኳኑ በማግስቱ ታጥፎ ተመልሷል። ወንበሮቹም፣ ጠረጴዛውም፣ ጡሩንባውም ተመልሰዋል። ያልተመለሰው የአክስቴ እንባ ብቻ ነው። ለእናቴ ተብሎ ከጉኑኖ መጥቶ ሜዳው ላይ ለኳስ ፈሰሰ። አክስቴም ከዓመት በኋላ ስላረፈች ሌላ ሰው አምጥቶ ሊተካልን አይችልም። ስለዚህ እሁድ ለጉባኤው ስለ መልካሙ ውጤት ሲያስረዱ ይህችንም ከውጤቱ እንዲቆጥሯት፣ ጉባኤተኛውም እጁን ከማውጣቱ በፊት ቤቱ ያለውን ሽማግሌና አሮጊት አንድ ጊዜ እንዲያስብ በትሕትና እለምናለሁ።

ስለ ደግነትዎ፣ ስለ ስፖርት ፍቅርዎ፣ ትከሻዬን ስለነኩኝም እጅ እየነሣሁ፣

ያለ ድንኳን የተለቀሰላት የወይዘሮ እታፈራሁ ልጅ፣
ዮሴፍ ጩማ

ማስታወሻ፦ ሁላችንም ሰዎች ነንና የእርስዎም ቀን፣ ዕድሜ ይስጥዎትና፣ አንድ ቀን ይደርሳል። በዚያን ዕለት የትኛውም ጨዋታ ቢኖር ድንኳኑን ራሴ ተሸክሜ መጥቼ ደጅዎ ላይ እተክላለሁ፤ እናቴ ያሳየችኝ ይህንን ነው። እርስዎ የትም አይሄዱም። ቴሌቪዥኑን ብቻ ልጆችዎ ቀደም ብለው ከጠረጴዛው ላይ እንዲያነሡልኝ ይንገሩልኝ፤ ፎቶግራፍዎን የማስቀምጥበት ቦታ እንዳላጣ።