ደርሻለሁ ያልኩበት እሁድ

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ
ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰርካለም፣ ሐዋሳ

ሰርኬ፣ እንዴት ነሽ? ልጃችን ሮሃስ አዲሱን ትምህርት ቤቷን ለመደችው? እኔ ከጉልበቴና ከመቀመጫዬ በቀር ደህና ነኝ። በቀልድ የጀመርኩት ሐፍረቴን ለመሸፈን ነው። ስልኬን ስለማታነሺ ወረቀት ፊት ተቀመጥኩ።

ሐዋሳ ድረስ ሳይክል ልነዳ ነው ያልኩሽ ቀን «የኩሽናውን ግድግዳ ጨርሰሃል?» ነበር መልስሽ። ልክ ነበርሽ። ግማሹን ቢጫ ቀብቼ ከተውኩት ሁለት ክረምት አልፎታል። ሮሃን ይዘሽ አባትሽ ቤት የገባሽውም ጀምሮ ከማይጨርስ ሰው ጋር መኖር መሮሽ ነው። ለልብ ሕሙማን ሕፃናት ማሳከሚያ የተዘጋጀው የሳይክል ጉዞ መጨረሻው ሐዋሳ መሆኑን ስሰማ ታዲያ ለእኔ ሲባል የታሰበ መሰለኝ። የጋቢ ሱቃችንን ከመክፈቴ በፊት በየማለዳው እንጦጦን ስወጣ፣ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች «አይዞህ ልጄ፣ ማን አሳደደህ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጀምሬ ስጨርስ ሰርኬ ታየኛለች።

ጋሽ አጥናፉን፣ ያጋቡንን ሰው፣ ሽማግሌዎቹን ይዘው እሁድ ስምንት ሰዓት ለእርቅ አባትሽ ቤት እንዲገኙልኝ የለመንኳቸውም ለዚሁ ነው። ያንን የታመመ ጉልበታቸውን ይዘው በአውቶቡስ መጡልኝ። «አንተስ አብረኸን ብትመጣ ምን አለበት?» ብለውኝ ነበር። «የለም ጋሼ፣ እኔ በሳይክል ነው የምደርሰው» አልኳቸው።

በራችሁ ላይ የሆነውን አንቺ ታውቂዋለሽ። የማታውቂው መንገድ ላይ የሆነውን ነው።

ቅዳሜ ባቱ አደርን። እሁድ አርሲ ነገሌ ለመግባት ጥቂት ሲቀረኝ የኋላው ጎማ ፈነዳ። ቀየርኩት፤ መለወጫውም ፈነዳ። አጃቢውን መኪና የሚነዳው ነገራ አጠገቤ አቆመና «ዮፍታሔ፣ በቃ ግባ፤ ሳይክሉን ከላይ እንጭነዋለን» አለኝ።

«የልጆቹ ገንዘብስ?»

«ገንዘቡ እኮ ቀድሞ ገብቷል! አንተ ነዳህ አልነዳህ ይታከማሉ።»

ያኔ ብገባ ኖሮ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጬ ነበር። አልገባም አልኩት። ነገራ ራሱን ነቅንቆ ወደ ሌሎቹ ሄደ፤ እኔም ሳይክሉን እየገፋሁ ጎሚስታ ፍለጋ ከተማው ድረስ በእግሬ ሄድኩ። እልኸኛ መሆኔን ታውቂያለሽ፣ ግን ይሄ እልህ ብቻ አልነበረም። ዳግም ሳይጨርስ በመኪና የመጣ ባል ሆኜ ፊትሽ መቆም ፈርቼ ነው።

ጎማው እየተሠራ ሳለ ጋሽ አጥናፉ ደወሉ። «ደርሻለሁ ጋሼ፣ ሐዋሳ ገብቻለሁ» አልኳቸው። ታውቂው የለ የእኛን ነገር፣ ቤት ሆነን ጫማ እየፈለግን «መንገድ ላይ ነኝ» እንላለን። እኔም ከዚያ አስበልጬ አላየሁትም። እሳቸው ግን አመኑኝና ለአባትሽ «ልጁ ከተማ ገብቷል» ብለው ቃላቸውን ሰጡ። ደግመው ሲደውሉ «እዚሁ ነኝ» አልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደውሉ አላነሳሁም። ሌሎቹ ሽማግሌዎች በኋላ እንደነገሩኝ፣ እናትሽ ያቀረቡት ምግብ እየቀዘቀዘ፣ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እህል አይቀምስምና አፋቸው ውኃ ሳይነካ ዋሉ። በመጨረሻ አባትሽ «እንዴ አጥናፉ፣ ሽማግሌም ይዋሻል?» ሲሏቸው ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ።

እኔ ሐዋሳ ስገባ ጀምበር ጠልቃ ነበር። የጉዞው አዘጋጆች ሐይቁ ዳር አጨብጭበው ሜዳሊያ አጠለቁልኝ። በዚያው ጠባብ ቁምጣ ሮጬ መጣሁ፤ በሩን የከፈትሽው አንቺ ነበርሽ። ለሰርጋችን እዚሁ ሽሮ ሜዳ ያሠራሁልሽን ቀሚስ ለብሰሽ ነበር። እሺ ልትይኝ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

«ጨረስኩት» አልኩሽ።

«አጃቢ መኪና አልነበራችሁም?»

«ነበር።»

«እንኳን ደስ ያለህ» ብለሽ ዘጋሽው። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ከጋሽ አጥናፉ ጋር በአንድ አውቶቡስ ተመለስን። ሞጆ ላይ «ልጄ፣ በስተርጅና ዋሾ አደረግኸኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን በአንገታቸው ብቻ ነው የሚመልሱት። ሌሎቹንም ለመንኳቸው፤ ደግሞ የሚሄድልኝ የለም።

ትናንት አዲስ ቀለም ገዝቼ ግድግዳውን ልጨርስልሽ ተነሳሁ። ብሩሹን ነክሬ ቆምኩ። ቢጫውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ትወጂው እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄሽ አላውቅም። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት። የምን ቀለም ይሁን ሰርኬ?

ሜዳሊያውን ለሮሃ ብዬ ነበር፣ አሁን ግን እንድታየው አልፈልግም። ሳይክሉን ላዋሰኝ ልጅ መልሻለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ያለ ሽማግሌ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። አባትሽ ቢያባርሩኝ እውነት አላቸው፤ በሩ ባይከፈትልኝም ውጪ እቀመጣለሁ።

እንጦጦ ማርያም አንቺንና ልጃችንን በጥላዋ ትያዝልኝ። የአባትሽን ልብ ታራራልኝ፤ ጋሽ አጥናፉንም በእኔ ምክንያት ያጡትን ክብር ትመልስላቸው።

መንገድ ላይ እደውልልሻለሁ። እባክሽ አንድ ጊዜ አንሺው። ያለሁበትን እውነቱን እነግርሻለሁ።

አሁን ገና ሽሮ ሜዳ ነኝ።

ዮፍታሔ