ፊቴ ከባነሩ ላይ እንዲወርድልኝ

ቀን፦ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጎህ ቀደም የገበያ ማዕከል አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
መርካቶ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ያለፈቃዴ በሕንፃው ፊት የተሰቀለው ፎቶግራፌ በአስቸኳይ እንዲነሳ ስለመጠየቅ

አመልካች ሙሉመቤት ዘውገ፣ በማዕከሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከአሮጌ የጭነት መኪና ሸራ ቦርሳ እየሰፋሁ የምሸጥ ተከራይ ነኝ። እስከ ዛሬ ጽሕፈት ቤቱን በምንም ጉዳይ አስቸግሬ አላውቅም። አሁን የምጽፈው ግን ተናድጄ፣ ከንዴትም አልፎ ተጸይፌ መሆኑን አስቀድሜ በአክብሮት እገልጻለሁ።

1. በኅዳር ወር አቶ ይገረም የተባሉ የቢዝነስ አሰልጣኝ ሱቄ መጥተው አንድ ቦርሳ ገዙ። ዋጋውን ተከራክረው ካስቀነሱኝ በኋላ "ለማስታወሻ" ብለው ፎቶ አነሱኝ። ደንበኛ ናቸው ብዬ ፈገግ አልኩ። ያ ፎቶ ዛሬ በስልጠናቸው ባነር ላይ ከሕንፃው በር በላይ ተሰቅሎ፣ ከሥሩ "ከጉሊት ተነስታ ሚሊየነር! ሚስጥሩን ከእኛ አገኘች" ተብሎ ተጽፎበታል። ጉሊት ቸርችሬ አላውቅም፤ ብቸረችርም አላፍርበትም ነበር። ሚሊየነር ብሆን ኖሮ ወር በመጣ ቁጥር በእናንተ ኪራይ ባልተጨነቅኩ። ስልጠናቸው ላይም ለአንድ ቀን እንኳ አልተቀመጥኩም።

2. ምን እንደሚያስተምሩ ሰልጣኞቹን ጠየቅሁ። "ያላችሁን ሽጡና ግቡበት፣ ገበያው ይከተላል፤ ጥያቄ የሚያበዛ ሰው የድሃ አስተሳሰብ ያለው ነው" ይሉናል አሉኝ። ይህ የሚባለው መርካቶ መሃል ነው! እኛ በርበሬ ስንገዛ እንኳ ጆንያውን እስከ ሥሩ ሳናገላብጥ የማንከፍል ሰዎች ነን። እኔ አዲስ ዓይነት ቦርሳ ሳወጣ ሁለት ብቻ ሰፍቼ፣ ሶማሌ ተራ ላሉት ሸራ አቅራቢዬ ለጋሼ አዩብ አሳያለሁ። "ይሄን ደግሞ ማን ያንጠለጥለዋል፣ ሙሉ?" ካሉኝ ስፌቱን እፈታለሁ፤ ሸራው ለሌላ ይሆናል። የእኔ ሚስጥር ይኸው ነው፤ የፈለገ በነፃ ይውሰደው።

3. አቶ ይገረም ዘንድ ሄጄ ባነሩን እንዲያወርዱ ብጠይቃቸው "እትዬ፣ በነፃ አስተዋወቅኩዎት እኮ፤ ሊያመሰግኑኝ ሲገባ" አሉኝ። የማዕከሉ ሠራተኛም "እስከ ሰኔ ተከፍሎበታል፤ ደግሞ ፎቶው ያምራል" ብለው መለሱኝ። ክቡራን፣ ጉዳዩ የማማርና ያለማማር አይደለም። በዚህ ገበያ ዕቃ በዱቤ የሚወጣው፣ አንድ የታመነ ሰው "አውቀዋለሁ" ሲል ነው። ተበዳሪው ቢጠፋ የሚጠየቀው "አውቀዋለሁ" ያለው ነው። ጋሼ አዩብም ሸራ በቃሌ ብቻ የሚሰጡኝ፣ ለማላውቀው ሰው አፌን ከፍቼ ስለማላውቅ ነው። እናንተ ግን ሳትጠይቁኝ ለማላውቀው ሰው ዋስ አድርጋችሁ ሰቅላችሁኛል።

4. ከራጉኤል በኩል የምትመጣ ዱንያ የምትባል ልጅ አለች። የሕፃናት ልብስ ትሰፋለች፤ እጀ ወርቅ ናት። ያላት ንብረት አንድ የስፌት ማሽን ነው። ባለፈው ሳምንት ሱቄ መጥታ፣ ለስልጠናው ክፍያ ማሽኗን ልትሸጥ መሆኑን በደስታ ነገረችኝ። "እርስዎን አይቼ ነው" አለችኝ። እጇን ይዤ ወደ በሩ አወረድኳት፤ ውሸት ነው፣ እኔ እዚያ ደርሼ አላውቅም አልኳት። ቀና ብላ ባነሩን አየች፤ ዞር ብላ እኔን አየች። "እርስዎማ ካለፈልዎት በኋላ ሊደብቁን ነው" አለችኝ። ከገዛ ፎቶዬ ጋር ተከራክሬ ተረታሁ።

ስለዚህ ባነሩ ከመጪው ቅዳሜ በፊት እንዲወርድልኝ፣ ሙሉውን ማውረድ አይቻልም ከተባለም ፊቴ ያለበት ቦታ ተቆርጦ እንዲወጣ፣ በሩ ላይም ስልጠናውን ያልወሰድኩ መሆኔን የሚገልጽ ማስታወቂያ እንዲለጠፍ በትሕትና አመለክታለሁ። መቀስና መሰላል ከእኔ ነው።

ቅዳሜ ያልኩበት ምክንያት ገዢው ማሽኑን የሚወስደው በዚያ ቀን ስለሆነ ነው። ለሽያጩ ምስክር ሆኜ እንድፈርምላት ዱንያ የለመነችው እኔኑ ነው። እስካሁን የፈረምኩት ይህንን ማመልከቻ ብቻ ነው።

ከሰላምታና ከተገቢው አክብሮት ጋር
ሙሉመቤት ዘውገ
(ፊርማ)